ከጉልበቱ በፊት ወይስ ከጉልበቱ በኋላ?

ለሕክምና ህንድ የሄደ ሰው ከአገር ቤት በተደወለለት ቁጥር ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል። አንደኛው «እንዴት ናቸው፣ ተሻላቸው?» ነው። ሁለተኛው «ታጅ ማሃልን አያችሁት?» ነው። የመጀመሪያውን ደዋዩ መልስ ሳይጠብቅ ራሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ችክ ይላል። «እስካሁን?» ይላል፤ «ታዲያ ቁጭ ብላችሁ ምን ትሠራላችሁ?»

ጉልበት እናሠራለን። የአጎቴን የጋሼን ግራ ጉልበት። ጋሼ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ቀያሽ ነበሩ። አገሩን ከዳር እስከ ዳር፣ ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱን ወርደው ሲለኩ ኖሩና በስተርጅና ጉልበታቸው አመፀ። ይቀየር ተባለ። ቤተሰብ መከረ፣ ዕቁብ ተለመነ፣ መሬት ለመሸጥ ጥቂት ሲቀር ገንዘቡ ሞላ። እኔም «እንግሊዝኛ ይሞክራል» ተብዬ በአስታማሚ ቪዛ ተጨመርኩ። ሻንጣችን ውስጥ ከልብሱ ይልቅ በሶው፣ ድርቆሹና ሽሮው ይበልጥ ነበር። ዴልሂ የገባነው ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው።

ሐኪሙ ቅደም ተከተሉን ነገረን። መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ፊዚዮቴራፒ፣ ከዚያ ቁጥጥር፣ ከዚያ ሌላ ቁጥጥር፤ አውሮፕላን የሚባል ነገር የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጋሼ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ስለ ማደንዘዣው አይደለም፤ ጉልበታቸው ውስጥ ስለሚገባው ብረትም አይደለም።

«አግራ የምንሄደው የትኛው ላይ ነው?»

ለሦስት ቀን ሽርሽር የመጣ ቱሪስት ይህ ጭንቀት የለበትም። አውቶቡሱ ሲሄድ ይሄዳል፣ ሲመለስ ይመለሳል። መከራው ያለው ከርሞ በሚሄደው ላይ ነው። አግራ ከዴልሂ ከ200 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ዝነኛው ነገር እዚያ ቁጭ ብሎ እየጠበቀህ፣ አንተም እዚህ ቁጭ ብለህ ጊዜ ተርፎህ፣ ያልሄድክበትን ቀን ሁሉ ማስረዳት ይኖርብሃል። ዛሬ ለምን አልሆነም? ነገስ ምን ይዞህ ነው? ደም ምርመራ አለን ብትል ማን ይሰማሃል!

በዚህ ጉዳይ የአገሬ ሰው ሁለት ወገን ነው፤ የዶሮ ወጡን እንቁላል መጀመሪያ የሚበላና ለመጨረሻ የሚያቆይ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ነኝ። ወንድምና እህት በሞላበት ቤት ያደገ ሰው እንቁላል አያስቀምጥም፤ የተቀመጠ እንቁላል የሌላ ሰው እንቁላል ነው። ጋሼ ግን ዕድሜ ልካቸውን አቆዪ ናቸው። ዳር ዳሩን እየጎረሱ እንቁላሏን ብቻዋን መሐል ላይ ያስቀሯታል፤ ቡና ተቆልቶ እስኪደርስ ድረስም አይነኳት። ታጅ ማሃልንም ለመጨረሻው ሳምንት ያሳድሩታል ብዬ አስቤ ነበር።

ጋሼ ተገለበጡ። «ከቀዶ ጥገናው በፊት» አሉ።

«በዚህ ጉልበት?»

«በዚህ ጉልበት! ማደንዘዣ ነው ልጄ። ከተኛሁ በኋላ መነሣቴን በምን አውቃለሁ? በወጣትነቴ ሲኒማ ራስ ገብቼ በህንድ ፊልም ስንቴ አልቅሻለሁ። ሒሳብ ያስተማረኝም ህንዳዊ ነው። እዚህ ድረስ መጥቼ ሳላየው ብቀር ሰው ምን ይላል?»

እንቁላሉን ለመጨረሻ የሚያቆይ ሰው መጨረሻው የት እንደሆነ ሲጠራጠር እንዲህ ያደርገዋል። እኔም ነገሩ በእኔ ወገን ስለሆነ አልተከራከርኩም። ማን ጠልቶ!

ተወስኖ ያለቀ መስሎን ሳለ የጋሼ ባለቤት እትዬ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ሐሙስ ታጅ ማሃል፣ ሰኞ ቀዶ ጥገና አልኳቸው። ደስ አላቸው። «ቤተ መንግሥት ነው አይደል?» ብለው ሲጠይቁ ጋሼ ከአልጋቸው ሆነው ጮኹ፦ «የምን ቤተ መንግሥት! መቃብር ነው እንጂ!»

ስልኩ ዝም አለ።

«የማን መቃብር?»

ጋሼ መቼም ያነበቡትን ይዘው አያድሩም። ዘረዘሩት። ሙምታዝ ማሃል ትባላለች፤ የሞጉሉ ንጉሥ የሻህ ጃሃን ሚስት ናት። እ.ኤ.አ. በ1631 ባሏን ተከትላ ዘመቻ ላይ ሳለች ቡርሃንፑር በሚባል ከተማ 14ኛ ልጇን ስትወልድ ሞተች። መጀመሪያ እዚያው ተቀበረች፤ ኋላ አስከሬኗ ወደ አግራ መጣ። በ1632 ግንባታው ተጀመረ፣ 20 ዓመት ገደማ ፈጀ፣ 20,000 ሠራተኛ ተሰልፎበታል ይባላል፣ ዕብነ በረዱ ከማክራና ተጓጉዞ ነው የመጣው...

«ቆይ ቆይ!» አሉ እትዬ። «ሐኪም ቢላውን ስሎ እየጠበቀህ፣ በወሊድ የሞተች ሴት መቃብር ልትሳለም ነው የምትሄደው? እኔ እዚህ ለታኅሣሥ ገብርኤል ተስዬ አንተ እዚያ ሟርት ትጠራለህ?»

ጋሼ ነገሩን ወደ ፍቅር ሊያዞሩት ሞከሩ። «ንጉሡ ምን ያህል ቢወዳት ነው ብለሽ እይው እንጂ» አሉ። ይሄኛው ባሰ።

«እሱስ ሠራላት። አንተ የበረንዳውን ጣሪያ መቼ ነው የምትሠራው?»

በረንዳው ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ጣሪያ የለውም። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እትዬ ልብሱን ከገመድ ላይ እየሮጡ ያነሣሉ። ጋሼ የሰው መንገድ ሲቀይሱ ኖረው የራሳቸውን በረንዳ ሳይጨርሱ ጡረታ ወጡ። ቀዶ ጥገናው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይህ ታሪክ መነሣቱ ለደም ግፊታቸው ጥሩ ስላልነበረ «በፊት» የሚለው ሐሳብ በዚያው ምሽት ወደቀ።

ያረፍንበት ቤት ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው፤ የሐበሻ ሰው ሞልቶበታል። የኩላሊቱ፣ የልቡ፣ የጀርባው፣ የዓይኑ ሕመምተኛ ከነአስታማሚው ማታ ማታ የጋራው ወጥ ቤት ይሰበሰባል። ሽሮው እየተንተከተከ ግማሹ ወሬ ስለ ሐኪም ነው፤ ግማሹ አግራ መቼ ይሻላል የሚል ነው። የነቢያት ፆም ስለነበር ጋሼ ህንድን በጣም ወደዷት። በየምግብ ቤቱ ደጃፍ «ሥጋ የለም» ተብሎ ተጽፎ ያዩታል። «ይሄ አገር ለፆም የተፈጠረ ነው» ይላሉ፤ ሳህኑ ከመጣ በኋላ አይብና ቅቤ አለበት ወይ የሚለውን ለማጣራት ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

የወጥ ቤቱ ሊቃውንት ሁሉም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ወንድሙን ለኩላሊት ያመጣ አንድ ጎልማሳ በንጋት ይምላል። በሩ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይከፈታል፤ ያኔ ዕብነ በረዱ ሮዝ ይመስላል ይላል። እሱ ራሱ ሮዙን አይቶት እንደሆነ ጠየቅኩት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ጃኬቱ ይታያል፣ ፈገግታው ይታያል፣ ከኋላው የሚታየው ነጭ ጉም ብቻ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሰሜን ህንድን ጉም ይውጣታል፤ ባቡሩ ይዘገያል፣ አውሮፕላኑ ይዘገያል፣ ያን የሚያህል ሕንፃም ፊትህ ቆሞ አይታይም። «እዚህ ጋ ነው ያለው» አለኝ ጉሙን በጣቱ እየነካ።

ከድሬዳዋ የመጡ እናት ደግሞ ጨረቃ ካልሆነ አይሆንም ባይ ናቸው። እውነት ነው፤ ጨረቃ በምትሞላበት ሌሊት፣ ከዚያ በፊት ሁለት፣ ከዚያ በኋላም ሁለት ሌሊት፣ ጎብኚ 50 50 እየሆነ ለግማሽ ሰዓት ይገባል። ሌሊቱ ዓርብ ላይ ከዋለ የለም፤ በረመዳን ወርም የለም። ጋሼ እጃቸው ላይ ያለውን ሰዓት ከአዲስ አበባ አላነቃነቁትም ነበርና የሌሊቱ ጉብኝት በህንድ ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ተኩል ላይ ይጀምራል ሲባሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀንሰው «12 ሰዓት! ገና ከብት ሳይገባ!» አሉ። ወደዱት። ለእትዬ ግን ማን ይንገራቸው? መቃብር ያውም በሌሊት! ተወነው።

የዓርቡ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ኀዘን ነው። ግቢው ውስጥ መስጊድ ስላለ ታጅ ማሃል ዓርብ ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ የሚገባው ሰጋጅ ብቻ ነው። ከዴልሂ አግራ የሚሄደው ፈጣኑ ባቡር ጋቲማን እንኳ ዓርብ አይሠራም። እኛ ከመምጣታችን በፊት አንድ ቤተሰብ ታጅ ማሃልን ለመጨረሻ አስቀምጦ፣ ሁሉን ነገር ጨርሶ፣ ሻንጣ አስሮ፣ ነጻ የሆነችው አንዲት ቀን ዓርብ ሆና ተገኘች አሉ። በማግስቱ በረሩ። የጣት ርዝመት ያላት የዕብነ በረድ ታጅ ማሃል ከገበያ ገዝተው ነው የሄዱት። ይህ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ወጥ ቤቱ በሙሉ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ለልብ ሕመምተኛው እንኳ ይህን ያህል አልተመጠጠለትም።

አስተርጓሚው ልጅ ብቻ አስተያየት የለውም። ዴልሂ ተምሮ እዚያው የቀረ ነው፤ ከሐኪሙ እንግሊዝኛ ይቀበላል፣ ለሕመምተኛው በአማርኛ ያቀብላል፣ ከባለ ባጃጁ ጋር በሂንዲ ይጣላል። ታጅ ማሃልን አይቶት አያውቅም። «ይደረሳል» ይላል። አዲስ አበባ ተወልዶ አንበሳ ግቢን ያላየ ሞልቷል፤ ምን ይፈረድበታል!

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም፤ እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ።

የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ ቀጭንና ጨካኝ ናት። ጋሼ ጉልበታቸውን ማጠፍ እምቢ ሲሉ በምን እንደሚታጠፉ ለማወቅ ብዙ አልፈጀባትም። «ዘጠና ዲግሪ፤ ከዚያ ታጅ ማሃል» ትላለች። የአንግል መለኪያዋን ጉልበቱ ላይ አድርጋ «ሰባ» ስትል ጋሼ ሕመሙን ረስተው ይነሣሉ። «ሰባ አምስት ነው! መለኪያሽ አልተስተካከለም። ዜሮውን ከየት ነው ያነሣሽው?» ዕድሜ ልኩን በቴዎዶላይት የኖረ ሰው በፕላስቲክ መለኪያ መለካቱ ከቀዶ ጥገናው በላይ አመመው። በመጨረሻ መለኪያውን ተቀብለው ራሳቸው ይለኩ ጀመር። የሚገርመው በራሳቸው ንባብ አንድ ዲግሪ እንኳ ጨምረው አያውቁም። ሙያ ነውና።

ለእግር ማፍታቻ እንዲሆናቸው ወደ ሁማዩን መቃብር ወሰድኳቸው። እዚያው ዴልሂ ውስጥ ነው፤ ቀይ ድንጋይ ሆኖ ጉልላቱ ነጭ ነው፣ ከታጅ ማሃል በስልሳ ዓመት ገደማ ይቀድማል፣ የታጅ ማሃል አባት ነው ይሉታል። ጊዜ ስለ መምረጥ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ሁማዩንን ቀድሞ ማየት ነው። ታጅ ማሃልን አይቶ የመጣ ሰው ሁማዩን ደጃፍ ላይ ቆሞ «ይሄስ ደህና ነው» ይላል፤ እንዲህ ያለ ሕንፃ ደግሞ «ደህና ነው» ሊባል አይገባውም። እኛ ምንም ሳናይ ስለሄድን አፋችንን ከፍተን ነው የዞርነው።

ለእትዬ ስንነግራቸው ግን የመቃብር ወሬ ሊያሰለቻቸው ጀምሮ ስለነበር ያነቃቸው ሌላ ነገር ሆነ። ይህን መቃብር ያሠራችው ሚስቱ ናት፤ ቤጋ ቤጉም። ሚስት ለባሏ!

«አየህ?» አሉ እትዬ። «እና ባልየው በምን ሞተ?»

ጋሼ ወዲያው መልስ አልሰጡም። ሁማዩን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1556 ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ነው። በአዲስ ጉልበት ደረጃ መውጣት ለሚለማመድ ሰው የሚነገር ታሪክ አይደለም፤ ጋሼ ግን እንደ ልማዳቸው ተናገሩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ በደወሉ ቁጥር «መደገፊያውን ይዘሃል?» ይላሉ።

ቀስ እያልን መቼ የሚለው ጥያቄ ላይ ተመለስን። ጋሼ ጉልበታቸው በዳነ መጠን ወደ ጥንቱ ሃይማኖታቸው ተመለሱ፦ ከሞት ስለተረፉ እንቁላሉን እንደገና ማቆየት ይቻላል። «የመጨረሻው ቁጥጥር ካለቀ በኋላ፣ ልባችን ሲያርፍ» አሉ። በዚህኛው አልተስማማሁም። የመጨረሻው ሳምንት ልብ የሚያርፍበት አይደለም። የመጨረሻው ሳምንት የኪሎ ነው። ለማን ሻሽ ተገዛ፣ ለማን ተረሳ፣ ሻንጣው ስንት ሆነ፣ ሪፖርቱ ተፈረመ ወይ፣ ሲዲው የታለ፣ መድኃኒቱ ለስድስት ወር ይበቃል ወይ፤ እንዲህ የተጨናነቀ ሰው ዓይኑ ታጅ ማሃል ላይ ቢሆንም ልቡ ሚዛን ላይ ነው። መጀመሪያውም አይሆንም። የዴልሂ መኪና ጡሩንባ ጆሮህን ሲያደነቁር፣ መንገድ ለመሻገር ስዕለት ስታስገባ፣ የገንዘቡን መልክ ሳትለይ፣ አዲስ አገር ራሱ ትዕይንት ሆኖብህ ሳለ ሌላ ትዕይንት የት ታስቀምጠዋለህ? መሐል ላይ ነው መሄድ። ያውም የማንም በዓል ባልሆነ፣ ከሁለት ቁጥጥር መካከል በዋለ ተራ ማክሰኞ። መሐል ላይ የታየ ነገር ሌላም ጥቅም አለው፤ ወጥ ቤት ገብተህ የምታወራበት ሳምንት ይተርፍሃል። ዓይቶ ያላወራ ደግሞ ምኑን አየው?

ጋሼ በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ተረቱ። ለወሬ ይሸነፋሉ።

ጥር ማለቂያ ላይ ጉሙ ሳሳ። ንጋት ላይ እንሂድ የሚለውን የጋሼ ጉልበት ራሱ ውድቅ አደረገው፤ ብርድ ላይ አይታጠፍም። በጠዋቱ ባቡር ተነሣን፤ ጋቲማን ስለሚፈጥን ጋሼ የሐዲዱን ኩርባ በመስኮት እየገመገሙ ሳያበቁ አግራ ደረስን። ወደ ሕንፃው የነዳጅ መኪና አይጠጋም፤ በባትሪ ጋሪ ነው የሚኬደው። ጭሱ ዕብነ በረዱን ያወይበዋል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 በዙሪያው በከሰል የሚሠሩ ፋብሪካዎች ወይ ወደ ጋዝ እንዲዞሩ ወይ ከአካባቢው እንዲነሡ ፈርዷል። የወየበውን ደግሞ የህንድ ሴቶች ለፊታቸው የሚቀቡትን ዓይነት ጭቃ ይለስኑበትና ሲደርቅ ያጥቡታል፤ አንዳንድ ዓመት የሄደ ሰው ሕንፃውን ሳይሆን ርብራቡን አይቶ ይመለሳል። እኛ ጭቃም ርብራብም አልገጠመንም።

ቲኬት መቁረጫው ላይ ለህንዳዊ 50 ሩፒ፣ ለውጭ ዜጋ 1,100 ይላል፤ መቃብሩ ውስጥ ለመግባት ሌላ 200 አለ። ጋሼ ደጋግመው አነበቡት።

«ፈረንጅ ሆንኩ ማለት ነው?»

«ሆነዋል።»

«ላሊበላ ላይ ፈረንጁ በዶላር ሲከፍል እኛ በጥቂት ብር አልፈን ስንስቅበት ነበር» አሉ። ከፈሉ። በምትኩ አንድ ጠርሙስ ውኃና የጫማ ሽፋን ተሰጣቸው፤ ውኃው ፈረንጅነታቸውን የሚመጥን አልሆን ብሏቸው ገላምጠውት ያዙ።

ፍተሻው ላይ በሶው ተያዘ። ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ችግሩ ፈታሹ በሶ ምግብ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለም። በላስቲክ የታሰረ፣ ቡናማ፣ ስም የለሽ ዱቄት ነው። ፈታ፣ አሸተተ፣ ጓደኛውን ጠራ፣ ጓደኛውም አሸተተ። ጋሼ በምልክት ተበጥብጦ የሚጠጣ መሆኑን ሲያስረዱ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው ቆንጥረው ቃሙት። ፈታሹ ጥቂት ጠብቆ፣ ምንም አለመሆናቸውን አይቶ፣ በትሕትና ዕቃ ማስቀመጫውን አመለከተን።

ትልቁ በር ቀይ ነው፤ ውስጡ ጨለም ይላል። በእሱ ስታልፍ ነጩ ድንገት ፊትህ ድቅን ይላል። ስለ ውበቱ ብዙ ተብሏልና እኔ አልጨምርም። ስለ ጋሼ ልናገር። ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አውራ ጣታቸውን ፊታቸው አቁመው ብዙ ቆዩ። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሣል፤ እሳቸው ይቀይሳሉ።

«ምሰሶዎቹ ዘመዋል» አሉ።

አራቱ ሚናሮች ማለታቸው ነው። ትክክል ናቸው። በጥቂቱ ወደ ውጭ ዘመም ተደርገው ነው የተሠሩት፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ወደ መቃብሩ እንዳይወድቁ ነው ይባላል። ይህን ሳልነግራቸው በባዶ ዓይናቸው ማየታቸው ከጉልበታቸው በላይ ወጣት አደረጋቸው። ውስጥ ስንገባም ሌላ አገኙ። ሁሉም ነገር ቀኝና ግራው እኩል ነው፤ የሙምታዝ ሣጥን ልክ መሐል ላይ ነው፤ የንጉሡ ግን ጎን ላይ ተለጥፎ ሚዛኑን ያፈርሰዋል። «እሱ ፕላኑ ላይ አልነበረም» አሉ በሹክሹክታ። ልጁ አውራንግዜብ በ1658 ዙፋኑን ቀምቶ አግራ ምሽግ ውስጥ ዘጋበት፤ በ1666 ሲሞት አምጥተው አጠገቧ አጋደሙት። ከኋላ በኩል ካለው ሰገነት ያሙና ወንዝና ራቅ ብሎ ምሽጉ ይታያል። ያ ሰውዬ ስምንት ዓመት ሙሉ በመስኮት ታጅ ማሃልን ሲያይ ኖሯል፤ በንጋት፣ በጨረቃ፣ በጉም፣ ዓርብም ጭምር። መቼ ልሂድ ብሎ ያልተጨነቀ ብቸኛው ጎብኚ እሱ ነው።

ደረጃውን ከወረዱ በኋላ ጉልበቱ ተናገረ። መቀመጫ ፈለግን። ከውኃው ገንዳ ትይዩ አንድ የዕብነ በረድ አግዳሚ አለች፤ ልዕልት ዳያና እ.ኤ.አ. በ1992 ብቻዋን ተቀምጣ ፎቶ የተነሣችባት ናት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ እዚያች ላይ ብቻውን ሊቀመጥ ተሰልፎ ይውላል። ጋሼ ይህን ምን አውቀው! አንዱ ተነሥቶ ሌላው ሳይደርስ ቀስ ብለው ሄደው ዘፍ አሉ። ሰልፉ አጉረመረመ። ፎቶ አንሺው ግን ባለ ተራ መሰሉትና ሥራውን ጀመረ።

«ሰር፣ ፈገግታ! ሰር፣ እጅ ወደ ላይ!»

«ምን ይላል?»

«የጉልላቱን ጫፍ በጣትዎ ይያዙት ነው የሚለው።»

«ለምን? ይወድቃል እንዴ?»

ከሰልፉ ፊት አዲስ ሙሽሮች ነበሩ፤ ሙሽራዋ እስከ ክርኗ ቀይ አምባር ደርድራለች። ምርኩዙን አየች፣ የእግራቸውን አዘረጋግ አየች፣ ባሏን አንድ ነገር አለችው፤ መጥተው ከጋሼ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ፎቶ አንሺው አልተገረመም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ዛሬ ህንድ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ የሠርግ አልበም ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ በሙሽሮቹ መካከል፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

እትዬ የደወሉት ያን ጊዜ ነው። ስልኩን አዙሬ ሁሉንም አሳየኋቸው፤ ጉልላቱን፣ ገንዳውን፣ ሙሽሮቹን። ለአፍታ ምንም አላሉም። ከዚያ «እና ይሄንን ሁሉ ለአንዲት ሴት?» አሉ።

ጋሼ ስልኩን ተቀበሉኝ። «እሱ እኮ ከሞተች በኋላ ነው የሠራላት» አሉ። «እኔ በሕይወት እያለሽ ወደ አንቺ የምመጣበትን ጉልበት አሠራሁ። የቱ ይበልጣል?»

«ጣሪያው» አሉ እትዬ።

ማታ ወጥ ቤቱ ሙሉ ሆኖ ጠበቀን። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጋሼ የጉልበት ሕመምተኛ መሆናቸው ቀረና የጉዳዩ አዋቂ ሆኑ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ሻንጣው ሳይገባ ምክር ይሰጡታል፤ ንጋት የጉም ነው፣ ጨረቃ የእድል ነው፣ በሶ አይገባም፣ አግዳሚዋ ላይ መቀመጥ የሚፈልግ ምርኩዝ ይያዝ፣ መጀመሪያ ሁማዩን። ልንመለስ ስንል ሚስቱን ለጀርባ ሕመም ያመጣ አንድ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ገብቶ፣ ላቡን እየጠረገ፣ «አባባ፣ እርስዎ እዚህ ከርመዋል አሉኝ፤ ሐኪሙ ጎበዝ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ሐኪሙ ይቆይህ» አሉት ጋሼ፣ አጠገባቸው ያለውን በርጩማ እያስጠጉለት። «የመመለሻ ቲኬትህ ምን ቀን ነው? ቅዳሜ እንዳትለኝ ብቻ።»